እህቴን አንደኛ አድርጌ የጣልኳት ጊዜ

አማርኛችን አንዳንዴ ቃል ይቆጥባል። «ፈተና» የሚለውን ውሰዱ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆመን ፈጣሪ ወደ ፈተና እንዳያገባን እንለምናለን፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሁለት እስክሪብቶ ይዘን፣ ደብተራችንን ውጭ ጥለን፣ ተሰልፈን ወደ ፈተና እንገባለን። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ግራ ገብቶኝ አንድ ዲያቆን ብጠይቀው «ሁለቱ የተለያዩ ናቸው» አለኝ። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ልዩነታቸው ሁለተኛው ማርክ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው። አቋርጠህ ነው ወይስ አባርረውህ ለምትሉኝ፣ ተስማምተን ነው የተለያየነው። ትምህርቱን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት መቀመጡን ነው። በፈተና ላይ ግን ስም ነበረኝ። ጆሮዬን ከነካሁ ኤ፣ አፍንጫዬን ከነካሁ ቢ፣ ካሳልኩ ሲ፣ ራሴን ካከክሁ ዲ። መልሱ የእኔ እንዳይመስላችሁ። ከፊቴ ከምትቀመጥ አንዲት ጎበዝ ልጅ በዓይኔ አምጥቼ ከኋላ ላሉት በጆሮና በአፍንጫዬ አከፋፍል ነበር፤ የጅምላ አከፋፋይ በሉኝ። ታዲያ አንድ ቀን ጉንፋን ያዘኝና ረድፉ በሙሉ ሲ ሞልቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጓደኞቼም ከትምህርቱ እኩል ራቁኝ።

አሁን እዚሁ ሶዶ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ የባጃጅ ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የእኛ ቤት ፈተና አጭር ነው፦ ወይ ይበራል፣ ወይ አይበራም። ወደ ገሱባ የሚወስደው መንገድ ጤና ይስጠውና ሥራ ፈትተን አናውቅም። ያ መንገድ የማያላላው ብሎን፣ የማይበጥሰው ሽቦ የለም።

ነገሬ ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ እህቴ ስለ ፍሬሕይወት ነው። ቤት ውስጥ ፍሬ እንላታለን። አሥረኛ ክፍል ናት። እናንተ ፊት ምስክር ልሁንና፣ ፍሬ ሰነፍ አይደለችም። ወረቀት ሲዘረጋላት ግን እጇ ይቀዘቅዛል። እቤት በወላይትኛ ያወቀችውን፣ ሰፈር በአማርኛ የተናገረችውን፣ እዚያ በእንግሊዝኛ ክበቢ ሲሏት ሦስቱም ቋንቋዎች ተገፋፍተው በር ላይ ይቀረቀራሉ መሰለኝ፣ አንዱም አይወጣም። ፊዚክስ ላይ በተለይ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ወድቃለች፤ ሁለተኛውንም ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች። ከደገመች ደግሞ ሁምቦ አክስታችን ዘንድ ሄዳ ሱቅ ትጠብቃለች። ይህን የወሰነው አባታችን ነው።

አባዬ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ያለውን ያምናል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምን ተማራችሁ ብሎን አያውቅም። «ስንተኛ ወጣችሁ?» ነው የሚለው። አንደኛ የወጣ ልጅ ስሙ በጎረቤት ይዞራል፣ ሁለተኛ የወጣ ይመከራል፣ ከዚያ በታች ያለው ቁጥር አባዬ ጆሮ አይገባም። እኛም ያደግነው በዚህ ነው። ዓለም ላይ ከአንድ የሚበልጥ ቁጥር ያለ አይመስለንም ነበር። ይህን ያዙልኝ።

በዚህ መሀል ነው ቲቸር ሰናይት የምትባል አዲስ የፊዚክስ መምህርት የመጣችው። የመጨረሻውን ፈተና ትታ ሌላ ነገር አመጣች። እያንዳንዱ ተማሪ ከተማው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ቦታ ይሄዳል፣ ሙያተኛው ፊት አንድ የተበላሸ ነገር ይጠግናል፣ ሙያተኛው ደግሞ እያየ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ «ሩብሪክ» ይባላል። ፍሬ ይህን ቃል ማታ እራት ላይ ስትናገር አባዬ ጉርሻውን አስቀመጠ።

«ሩብ ብቻ ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

«ሩብሪክ ነው አባዬ። ምን ምን እንደሚታይ የሚናገር ሠንጠረዥ ነው።»

«እኛ ሙሉውን ተምረን እንዲህ የሆንን፣ እናንተ በሩቡ ምን ልትሆኑ ነው?»

እኔ ሳቅኩ። ባልስቅ ይሻለኝ ነበር፤ ያንን ቅጽ ከእኔና ከአባዬ ማን ይበልጥ እንዳልገባው ኋላ ላይ ታያላችሁ።

ወንድም እህቱን ይፈትናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሶዶ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ፣ የክርስትና አባት ያልሆነ ፈታኝ ካገኛችሁ ጠቁሙኝ። ቲቸር ሰናይትም ይህን ስለምታውቅ አልከለከለችም። ሁለት ነገር ብቻ አዘዘች። አንደኛ፣ ቅጹ ተማሪው በሌለበት ተሞልቶ በፖስታ ታሽጎ ይላካል። ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ ጎን «ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ በአማርኛም ይሁን በወላይትኛ የግድ ይሞላል።

ፍሬ በማግስቱ ከሰዓት መጣች። የዕለቱ በሽተኛ የማቲዎስ ባጃጅ ነበር። ማቲዎስ ደንበኛችን ነው፤ ምላሱ ከባጃጁ ይፈጥናል። ክላክስ በነካ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደክማል።

«ዛሬ ሐኪሟ ማናት?» አለ ፍሬን እያየ።

«እሷ ናት» አልኩት።

«ጨዋታውን ተወው እንጂ፣ ገና አራት ዙር አለብኝ። አንተ ንካት፣ እሷ ቁልፍ ታቀብልህ።»

«ዛሬ ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነኝ።»

ማቲዎስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ድራማ ሊያይ ተመቻቸ። ፍሬ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታች። ስንት ዓመት የሠራ ሰው የሚረሳው ነገር ነው፣ እኔን ጨምሮ። ከዚያ ወደ ፊውዙ ሄደች፤ እሱ ላይ ተሳስታለች፣ ፊውዙ ደህና ነበር። ማቲዎስ «እህም» አለ። ፍሬ ገመዱን መልሳ አስራ በቴስተር አምፖሏ የመብራቱን ሽቦ ከሥሩ እየተከተለች ወረደች፣ ወረደችና ሽቦው ከባጃጁ ብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ደረሰች። ብሎኑ ዝጎ ሻይ መስሏል። ገመዱን እንደገና ፈታች፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረገች፣ አሰረች። ክላክሱን ተጫነች። መብራቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሳይደክም እንደበራ ቀረ።

«ምን ሆና ነው?» አለ ማቲዎስ ብድግ ብሎ።

ፍሬ የባጃጁን ቁልፍ ዘረጋችለት።

«እንዴ፣ ምን ሆና እንደነበር አትነግሪኝም?» አላት።

እሷ መሬት መሬት አየች። ማቲዎስ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ነገርኩት፣ ሄደ።

ቅጹን የሞላሁት ብቻዬን ነው። አራት መስመር አለው፦ ጥንቃቄ፣ ችግሩን ማግኘት፣ መጠገን፣ ለባለቤቱ ማስረዳት። በየመስመሩ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ተደርድሯል። በቁጥሮቹ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ፣ ግን ኮፒው ደክሞ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ባይደክምም ያው ነበር። አንድ ሰው ልጠይቅ አሰብኩና ፈታኝ ሰው ይጠይቃል እንዴ ብዬ ተውኩት። ከታች «የፈታኙ ስምና ፊርማ» የሚለውን ሳየው ነው ልቤ ያበጠው። ዕድሜዬን ሙሉ ተፈታኝ ነበርኩ፤ እሱንም በጆሮ።

ደግሞ ምኑ ይጠየቃል? ጥንቃቄዋ አንደኛ ነው፤ አንድን ከበብኩ። ችግሩን ስትፈልግ መጀመሪያ ተሳስታለች፤ እህቴም ብትሆን ሐቅ ሐቅ ነው፣ ሁለተኛ፤ ሁለትን ከበብኩ። መጠገኑ ላይ አንደኛ። ማስረዳቱ ላይ ልቤ እያዘነ አራትን ከበብኩ፤ ከሁሉ መጨረሻ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። የባትሪውን ገመድ እንደፈታች፣ ፊውዙ ላይ ተሳስታ ማንም ሳይነግራት እንደተመለሰች፣ ዝገቱን እንዴት እንዳገኘች፣ ለማቲዎስም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቁልፉን እንደሰጠችው። ቦታው ስላልበቃኝ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ጨረስኩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ፖስታውን በምራቄ አሽጌ፣ ኮራ ብዬ ላኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ ከሰዓት ላይ ፍሬ ጋራዥ መጣች። የዩኒፎርም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ይህን የምታደርገው ስትናደድ ነው። የቅጹን ኮፒ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ኢሻ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

ኢሻ በእኛ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። ስትቆጣ እንኳ በስሜ አትጠራኝም።

«ምን ሆንሽ?»

«ጣልከኝ።»

«እኔ? አንደኛ የሰጠሁሽ ሰውዬ?»

ፍሬ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለልቅሶ ይሁን ለሳቅ እሷም የወሰነች አልመሰለኝም።

«አንደኛ ብለህ ነው እንዴ አንድ የሰጠኸኝ?»

«ታዲያ አንድ ምንድነው?»

«የመጨረሻው ነው፣ ኢሻ። አራት ነው ትልቁ። አንድ መስመር ላይ እንኳ አንድ ያለበት ተማሪ አያልፍም። ከታች ተጽፏል። ነገ ማርክ ይገባል።»

ወዳጆቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ስንተኛ ወጣህ እየተባለ ያደገ ሰው፣ አንድ ቁጥር የሁሉ ታች ይሆናል ብሎ በየት በኩል ያስባል? አንደኛ አንድ ነው። ግን ይህን ሁሉ ለፍሬ ማስረዳት ጥቅም አልነበረውም። የእጄን ግራሶ በጨርቅ ጠራርጌ ተነሳሁ።

የትምህርት ቤቱን ግቢ በበሩ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል፤ ድሮ በአጥሩ ነበር። ቲቸር ሰናይት መምህራን ክፍል ውስጥ በቅጽ ክምር ተከባ አገኘናት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ስታየኝ ግን ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እርስዎ ነዎት ፈታኙ?»

ሰው «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ። የመጣሁበትን ለአፍታ ረሳሁት። ከዚያ ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አንደኛ ማለት አንድ መስሎኝ እንደሆነ ስነግራት መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግነቷን ወደድኩላት፤ ሰው ፊት ለፊት አትስቅም።

«እኔም ልጠራዎት ነበር» አለች ስትመለስ። «ቁጥሩና ጽሑፉ ተጣሉብኝ። ጽሑፉ ጎበዝ ናት ይላል፣ ቁጥሩ አትችልም ይላል።» ከዚያ ክምሩን ገፋ አደረገችልኝ። «እነዚህን ደግሞ ይዩልኝ።»

አየሁ። አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት። ምክንያት፦ ጎበዝ ነው። ምክንያት፦ የጨዋ ልጅ ናት። ራዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ደምሴማ አራትን ከብቦ አላረካው ብሎ በእጁ አምስት ጨምሮበታል። ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። በአንድ መንገድ አብሯችሁ የሚወጣ የሚገባ ጎረቤታችሁ ልጅ ላይ ሁለት ብትጽፉ፣ ነገ እናቱን ገበያ ላይ በየትኛው ዓይናችሁ ታያላችሁ? የታተመ ፈተና ዘመድ የለውም፤ ጥሩ ጎኑ እሱ ነው። መጥፎ ጎኑም እሱ ነው።

«ርእሰ መምህሩ ይህን ካዩ ወደ ወረቀት ፈተና እንመለስ ሊሉ ነው» አለች ቲቸር ሰናይት። «በእውነት ታይቶ የተሞላው የእርስዎ ቅጽ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ተገልብጦ መጣ።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «ልመልሰው። አንዱን አራት፣ ሁለቱን ሦስት፣ ይህንንም አንድ አራት። የመጨረሻው...»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የመጨረሻው፣ ማስረዳቱ፣ አራት ነበር። ሲገለበጥ አንድ ይሆናል። አንድ መስመር ላይ አንድ ያለበት ተማሪ አያልፍም። ሁምቦ፣ አክስቴ፣ ሱቁ በዓይኔ ላይ መጡ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለች ቀን ላይ ምላሴ ከእኔ ፈቃድ አይጠይቅም።

«እሱ አይገለበጥም፣ ቲቸር። እሱ ትክክለኛ አራት ነው።»

ቲቸር ሰናይት ወረቀቱን አነበበች። «‹አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቁልፉን ሰጠችው› ይላል እኮ።»

«እሱ ነው አራት የሚያሰጣት። አንዳንድ ሰው ዝም ብሎም ያስረዳል።»

መልሴ ለእኔም አልጣመኝም። ቲቸር ሰናይት እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አደረገች። ሊጻፍልኝ ነው ስል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ይዋሻል፣ ቲቸር።»

ፍሬ ናት። እንዲህ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ለእኔ ብሎ ነው የሚዋሸው። አልተናገርኩም። ማቲዎስ ገና ስመጣ ነው ያፌዘብኝ፤ አንድ ቃል ብሳሳት ለከተማው ሁሉ ይነግራል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ነው የሚገባኝ።» እያለች ሹራቧን ከወገቧ ፈታች፣ አሰረች። «ግን ነገሩን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ከባትሪ የወጣው ሁሉ መመለሻ ያስፈልገዋል። መብራቱም ክላክሱም ሲሄዱ የየራሳቸው ሽቦ አላቸው፣ ሲመለሱ ግን በአንድ ብሎን ነው። ብሎኑ ዝጓል። ልክ ገበያ ቀን ሁሉም ሰው በአንድ ጠባብ ድልድይ እንደሚመለሰው ማለት ነው። መብራቱ ብቻውን ሲሆን እንደምንም ያልፋል፤ ክላክሱ ሲመጣ ይገፋፋሉ፣ መብራቱ ይደክማል። ስለዚህ አምፖሉን ብንቀይር፣ ባትሪውንም ብንቀይር ያው ነው። ድልድዩን ነው መጥረግ።»

ክፍሉ ውስጥ ማርክ የሚደምሩ ሌሎች መምህራን መደመራቸውን አቁመው ነበር።

«እሺ» አለች ቲቸር ሰናይት ቀስ ብላ። «እንዲህ ከተጣበበ ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?»

«ፊውዝ የሚቃጠለው ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ነው። እዚህ ያለፈው አነሰ እንጂ መች በዛ። እኔም መጀመሪያ ፊውዙ ጋ የሄድኩት ይህን ሳላስብ ነው።»

ልንገራችሁ? ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ዝገት ሳይ እጠርጋለሁ፣ ይበራል፣ ይበቃኛል። ፊውዙ ለምን ዝም እንዳለ ጠይቄው አላውቅም። ፈታኙ መልሱን ከተፈታኟ ሰማ።

ቲቸር ሰናይት ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ።

«ፈታኙ እርስዎ ነዎት። አሁን የሰሙትን ይጻፉ። ሁለት ከሆነም ታልፋለች።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። አራት መጻፍ እንዴት ቀላል እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ደምሴ ይቅር ይበለኝ፣ አምስትም ይታየኝ ነበር። ፍሬ አጠገቤ ቆማ ትተነፍሳለች። ሦስት ጻፍኩ። ምክንያቱ ላይ፦ «ለእኔና ለቲቸር አስረዳች። ለባለ ባጃጁ ገና ናት።» ፈረምኩ። ቲቸር ሰናይት አየችው፣ ማርክ መሙያው ላይ አሰፈረችው፣ «አልፈሻል» አለቻት። በቃ። አንድ ዓመትና አንድ ሱቅ በዚያች ቃል ተሻሩ።

ከግቢው እንደወጣን አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሦስት?» አለች።

«አለፍሽ አይደል?»

«አራት ነበር የሚገባኝ።»

«ለማቲዎስ አልነገርሽውማ።»

«መስመሩ እኮ ማስረዳት ነው የሚለው እንጂ ለማቲዎስ አይልም» ብላ ጀመረች።

«ለባለቤቱ ይላል።»

«ባለቤት ማለት የሚያስፈልገው ሰው ነው። ዛሬ ማነው ያስፈለገው? ቲቸር ናት። አንተም ነህ፤ ስለ ፊውዙ ፊትህን አይቼዋለሁ።» ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መናኸሪያው ድረስ አፏን አልዘጋችም። በግራ ትዞርብኛለች፣ በቀኝ ትዞርብኛለች፣ ላመልጥ ፈጠን ስል ትፈጥናለች፣ ምሳሌ ታመጣለች፣ እኔው ራሴ የጻፍኩትን እየጠቀሰች በእኔው ላይ ትመሰክራለች። ወያላዎቹ ሳይቀሩ ጥሪያቸውን አቁመው አዳመጧት፤ አንዱም «እውነቷን እኮ ነው» አለኝ።

ጋራዥ ስንደርስ እጄን አነሳሁ፤ ተረታሁ። አራት ነበር የሚገባት። ወረቀቱ ግን ተፈርሞ ገብቷል።